የአክስቴ ባል በኮርዶባ

ታከር (አትላንታ አጠገብ)፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ከመላኬ በፊት እዚህ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ፤ የሚደርሰኝንም በመሀሉ አኖረዋለሁ። ንግድ ያስለመደኝ ነው፤ ከእጄ የወጣ ነገር ቅጂው ሊኖረኝ ይገባል። አባቴን ግን አንብበው ይቅደዱት እላቸዋለሁ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ አውቃለሁ። የዛሬውን ይዛልኝ የምትሄደው ደንበኛዬ ሩሐማ ናት፤ ማክሰኞ ትበራለች። ሻንጣዋ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ እንድትይዘው አደራ ብያታለሁ።

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመምህር ይገዙ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። ጉልበትዎ ተሻለዎት? ወንድሞቼን አክሊሉንና ካሳሁንን ከነቤተሰባቸው ሰላም ይበሉልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በመጪው ግንቦት ሰባ ዓመት ይሞላዎታል። ስጦታዬን ከወዲሁ ልንገርዎ፤ መዘጋጃ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳሏትን ከተማ በዓይንዎ ያያሉ። የስፔኗን ኮርዶባን። የቀሩት የአውሮፓ ከተሞች ጭቃ ሲያቦኩ የኮርዶባ መንገዶች በመብራት ይደምቁ ነበር ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ለፈተና የመስጊዱን ምሰሶዎች «ስምንት መቶ» ብዬ ብጽፍ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው ብለው ግማሽ ነጥብ የቀነሱብኝም አልተረሳኝም። እኔ ከዚህ እነሣለሁ፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ፣ እዚያ እንገናኛለን።

የሚቀጥለውን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። ለቪዛው የግብዣ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ተጋባዡ ለጋባዡ ምኑ እንደሆነ ይጠየቃል። እንደሚያውቁት ጋሼ ቶሎሳ ዲቪ ሲደርሳቸው «ልጄ ናት» ብለው አስመዝግበው ነው ያመጡኝ። ፓስፖርቴ አረጋሽ ቶሎሳ ነው የሚለው። የእማዬ ወንድም በወረቀት አባቴ ከሆኑ፣ ነፍሷን ይማርና እማዬ በወረቀት አክስቴ ናት፤ እርስዎም የአክስቴ ባል ነዎት። ግብዣው ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው።

ድሮ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ዘንድሮ ግን የድሮ የዜግነት ፋይሎችን እያወጡ እንደገና እያዩ ነው፤ ውሸት የተገኘበት ዜግነቱን ይነጠቃል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው የሚያወራው ይህንን ብቻ ነው። በስልክ ይህን ጉዳይ በፍጹም እንዳያነሡብኝ፤ ኤርፖርት ላይ ስልክ አስከፍተው ያነባሉ። ሁሉንም በሰው እጅ እንጻጻፍ። ይህንን አንብበው ሲጨርሱ ይቅደዱት።

ልጅዎ አረጋሽ

ሻሸመኔ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአረጋሽ፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ቀን እየመረጠ ነው የሚያመኝ።

ኮርዶባ የሚለውን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ድልድዩ፣ ወንዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁሉንም ከአንድ ገጽ የመማሪያ መጽሐፍ ነው ያስተማርኩት፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነበር። ምሰሶዎቹን ቆጥሬ ስህተት ካገኘሁ ግማሽ ነጥብሽን እመልስልሻለሁ።

ለቪዛው የቤተሰብ ማስረጃ ያስፈልጋል ስላሉኝ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ያስተማርኩት ልጅ ነው። መዝገቡን ገልጦ «መምህር፣ እዚህ ሦስት ልጅ ነው የሚለው» አለኝ።

«ሁለቱን ጻፍልኝ» አልኩት።

«ሦስተኛዋስ?»

«ውጭ ናት።»

«ውጭ ያለች ልጅ ልጅ አይደለችም እንዴ? የኔ እናት ብትሆን ውጭ ያለውን ብቻ ነበር የምታስጽፈው!»

ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት።

ከተቻለሽ ለድንጋይ መንገድ የሚሆን ጫማ ላኪልኝ፣ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ደብዳቤሽን እንዳልሽው አድርጌዋለሁ። ቶሎሳን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ ይገዙ

ታከር፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2019

ደብዳቤው ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ዛሬ ደረሰኝ። ሱቅ ውስጥ ሳነበው ጋሼ ቶሎሳ ከሥራ በቀጥታ መጡ፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አልቀየሩም።

«ሰምተሻል?» አሉኝ በሩን ሳይዘጉ።

«ምን?»

«ዶራቪል ያለ አንድ ሰውዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ ደብዳቤ ደርሶታል። ለኢንተርቪው ቅረብ የሚል። ሲቲዝን ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመቱ!»

«ስለ ታክስ ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ሁሉ ነገር ታክስ ነው የሚመስልሽ። ፎርሙን ፊል ያደረግኩት እኔ፣ ሳይን ያደረግኩት እኔ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ዲፖርት ሊያደርጉኝ ነው? ሻሸመኔ ሄጄ የሸጥኩትን ቤት መልሱልኝ ልበል?»

«ማንም ምንም አላለዎትም።»

«አላለኝም! አንቺ ግን ከይገዙ ጋር ሆነሽ በገዛ እጅሽ ቆንስላ በር ልታንኳኪ ነው። ያ ሰው እኮ ውሸት አይችልም። እህቴ ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ብትለው፣ አዎ ብሎ ሁለት ቀን ያኮረፈችው ሰው ነው! ከስንቱ ሰው መርጠሽ እሱን ዋሽ ትያለሽ?»

በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ገባች። ጋሼ ቶሎሳ ወዲያው ድምፃቸውን ለወጡ። «እስቲ ልጄ፣ ሁለት ፓውንድ በርበሬ መዝኚልኝ» አሉ።

«እሺ አባባ» አልኩ።

ሴትየዋ ፈገግ ብላ «አባትሽን ያኑርልሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ። አሥራ አምስት ዓመት አባባ እያልኳቸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በርበሬውን ሁለት ጊዜ መዘንኩት።

አስቤ ወሰንኩ። ግብዣው ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን ብሰርዘው ይብሱን ለምን ያሰኛል። የሚሻለው አባቴን ማለማመድ ነው።

ታከር፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ይገዙ፣

እንደምን አሉ? ጌታ ይጠብቅዎ። እኔ ደህና ነኝ። ጫማውን ልኬያለሁ፤ ትንሽ ሰፋ ቢል ሁለት ካልሲ ይደርቡ።

በዚህ አጠራር መጥራቴ አይክፋዎት። እንድለምደው ነው። እርስዎም ይልመዱት። ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቁዎትን እኔ ልጠይቅዎ፣ መልሱንም ልስጥዎ፣ እንደ ተማሪ ያጥኑት። ጋባዥዋ ምንዎ ናት? የባለቤቴ የወንድም ልጅ። አባቷ ማን ነው? አቶ ቶሎሳ፣ አትላንታ የሚኖሩ። የት አደገች? እዚህ ላይ «በዘመድ ቤት» ይበሉ፣ አያብራሩ። ስንት ልጆች አሉዎት? ሁለት። ካልተጠየቁ አይናገሩ። ታሪክ መተረክ ይወዳሉ፤ እባክዎ በዚያን ቀን አይተርኩ።

ኮርዶባ ስንገናኝም እንዲሁ ነው። ሆቴል ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ የትም ቦታ። ሐበሻ የሌለበት አገር የለም፤ ከአትላንታ የመጣ ሰው ከኋላችን ሊቆም ይችላል። «ልጄ» አይበሉኝ፣ አረጋሽ ይበሉኝ። እኔም ጋሼ እልዎታለሁ።

የዚህኛውን ደብዳቤ ቁርጥራጩንም ያቃጥሉት።

አረጋሽ

ሻሸመኔ፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለአረጋሽ ቶሎሳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። ጫማው ልክ ነው። ካልሲ አንድ ብቻ ይበቃዋል።

ቪዛው ተሰጥቶኛል። የሆነውን በዝርዝር ልጻፍልሽ፣ መጨነቅሽ አይቀርምና። የጠየቀችኝ ሴት ወጣት ናት፤ አስተርጓሚም አጠገቧ ነበር። ለምን ኮርዶባ አለችኝ። አትተርክ ብለሽኛል፣ ነገር ግን አሥር ደቂቃ ያህል ሳልተርክ አልቀረሁም። አስተርጓሚው ደክሞት ውሃ ጠጣ። ስንት ልጆች አሉህ አለችኝ። ማስረጃው ላይ ሁለት ይላል አልኩ፤ እርግጥም ይላል። በመጨረሻ «ጋባዥዋ ምንህ ናት?» አለችኝ።

ያጠናሁት መልስ ነበረኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ። «ያሳደግኳት ናት» አልኩ።

ውሸት የለበትም። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ረዘም ያለ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም። ከዚያ ደህና ሁን አለችኝ።

የአክስትሽ ባል ይገዙ

ታከር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ምን ጻፈች? «ያሳደግኳት» የሚለው ቃል ፋይል ውስጥ ከገባ፣ ያ ፋይል እዚህ ካለው የዜግነት ፋይሌ ጋር መቼ ሊገናኝ እንደሚችል ለጠበቃ እንኳ መጠየቅ ፈራሁ። ጠበቃ ስጠይቅ ጥያቄው ራሱ መልስ ይሆናል። የጤፍ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አዛባሁ። ሱቁ ፊት ለፊት የማላውቀው ጥቁር መኪና ፓርክ ባደረገ ቁጥር ታርጋውን አያለሁ። ትናንት እንዲህ ሳይ ቆይቼ ባለመኪናው ከሱቁ አጠገብ ያለው የጥርስ ሐኪም ታካሚ ሆኖ ተገኘ።

ትኬቱ ግን ተቆርጧል። እሄዳለሁ።

ታከር፣ ሜይ 20 ቀን 2019

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ይገዙ፣

በሰላም ገብተዋል ብዬ አምናለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ገብቻለሁ።

ስመለስ አትላንታ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቴን ያየው ኦፊሰር ማንን ልትጠይቂ ሄድሽ አለኝ። የአክስቴን ባል አልኩ። «ለአክስት ባል ይህን ያህል መንገድ?» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል መራኝ። አርባ ደቂቃ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም። ስሜን፣ የጋሼ ቶሎሳን የልደት ቀን፣ የእማዬን ስም ሳይሆን በወረቀት እናቴ የሆኑትን ሴትዮ ስም በልቤ እደግም ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ጓንት አድርጋ መጥታ ሻንጣዬን ከፈተች። የፈለጉት በለሱን ነበር! እርስዎ ለመንገድ ብለው የገዙልኝን የደረቀ በለስ። ወስደው ሸኙኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ በሮቹን ቆለፍኩ።

ስለዚህ አብረን የተነሣነውን ፎቶ ለማንም አያሳዩ። ብቻዎን የተነሡት ይበቃል፤ ድልድዩ ላይ ኮፍያዎን ይዘው የቆሙት በጣም ያምራል።

ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ያንን የመስጊዱን ቀይና ነጭ ቅስት ከላይ ከላዩ ተደርቦ እስከ ጨለማው ድረስ ሲሄድ ሳይ ለካ ግማሽ ነጥቡ ተገቢ ነበር አልኩ። ምሰሶዎቹን መቁጠር ጀምረው ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ የጃፓን ጎብኚዎች መሀል ገብተው ያሳቱዎት ጊዜ እንዴት እንደሳቅን! መስጊዱ መሀል የተሠራውን ካቴድራል ቆመው ሲያዩ፣ «አዲሱ ባለቤት ስሙን ለውጦ ይኖርበታል፤ ጣሪያውን የያዙት ግን የቀድሞዎቹ ምሰሶዎች ናቸው» አሉ። እኔ ያኔ ስለ መግቢያው ዋጋ ነበር ያወራሁት። ከዚያ በኋላ ያየናቸው አበባ የሞላባቸው ግቢዎችም ጥሩ ነበሩ።

ሲመችዎ ይጻፉልኝ። ምን ልላክልዎ?

አረጋሽ

ታከር፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019

አራት ወር ሊሞላ ነው፣ መልስ የለም። ሰኔ ላይ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፣ ግን ደብዳቤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሦስት ሰው ከአገር ቤት መጥቷል፣ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን። አክሊሉን በስልክ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ይጽፍልሻል» አለኝና ስልኩን ዘጋ። አባቴ ተይዘው፣ ተጠይቀው ይሆን ብዬም አሰብኩ። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ሻሸመኔ፣ መስከረም 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአረጋሽ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ጌታ ፍርሃትን ከልብሽ ያውጣልሽ።

የዘገየሁት ስላመመኝ አይደለም። ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው። ደብዳቤሽ ላይ ግቢዎቹ ጥሩ ነበሩ ብለሽ አልፈሻቸዋል። እኔ አላለፍኳቸውም።

ሳን ባሲሊዮ የሚባለው ሰፈር፣ ነጭ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ማሰሮ የተሰቀለበት ቤት። ጉልበቴ አሞኝ ግድግዳ ስደገፍ ያቺ አሮጊት ከቤቷ ወንበር ይዛ ወጥታ አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ እኔን አየች፣ አንቺን አየች፣ በጣቷ እየጠቆመች «ፓፓ?» አለችሽ።

«ኖ!» አልሻት። ጥያቄዋን ሳትጨርስ። እጅሽንም አወዛወዝሽ።

አሮጊቷ ደነገጠች፣ ይቅርታ የጠየቀች መሰለኝ። ልጄ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ እኛ፣ እሷና አበባው ብቻ ነበርን። አስተርጓሚ የለም፣ ወረቀት የለም። ያቺ ሴት ፖሊስ አልነበረችም።

አልተቀየምኩሽም። የላክሁሽ እኔ ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ «ቶሎሳ አባቴ ነው በይ» ብዬ ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ፤ እናትሽ እያለቀሰች። ጥፋቱን ለማንም አልሰጥም።

አሁን ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ጫማም መነጽርም አይደለም። እንደምታውቂው በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ስንት የጡረተኛ መምህር ታሪክ የልደት ዓመት ተሳስቶ ሲነበብ ስለሰማሁ የራሴን ራሴ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሁሉም አልቋል፤ ባዶ የቀረው አንድ ቦታ ነው። «የ__ ልጆች አባት ነበሩ» የሚለው።

እናትሽ ስታርፍ ቶሎሳ ደውሎ የቀብሩ ቪዲዮ አትላንታ ድረስ ይመጣል ብሎ ለመነኝ። «የሁለት ልጆች እናት» ብዬ ጻፍኩላት፣ አክሊሉም አነበበው። ሴቶቹ መሀል ማጉረምረም ተሰማ። ላንቺ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ለሷ አደረግሁት። ለራሴ መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። የምትፈሪውንም አውቃለሁ፤ እኔ ሞቼ አንቺ ብትያዢ ምን ይጠቅመኛል? ስለዚህ አንቺ ንገሪኝ። ሁለት ልበል ወይስ ሦስት? የምትይውን እጽፋለሁ።

ይገዙ

ታከር፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2019

አባቴ ሆይ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሱቁን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። የእማዬን ዛሬ ሰማሁ። እኔ ያኔ እዚህ ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ አክስቴ ሞተች እያልኩ ነበር። ሰው ለአክስት የሚያለቅስበት ልክ አለው፤ ከዚያ እንዳላልፍ እየተጠነቀቅሁ ነው ያለቀስኩት።

ግቢው ውስጥ «ኖ» ማለቴ እውነት ነው፣ ብዬዋለሁ። አሮጊቷን ፈርቼ አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ እርስዎን አለማምዳለሁ እያልኩ የተለማመድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ቆንስላ ፊት እንኳ ውሸቱ አልወጣልዎትም፤ እኔ ወንበር ላመጣች ሴት ወጣልኝ።

ጋሼ ቶሎሳ ዘንድ ሄጄ ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። አደጋው የእርሳቸውም ነውና ሳላማክር መወሰን አልፈለግሁም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «እሱ መቼ ሊሞት አስቧል?» አሉ። አላውቅም አልኩ። «እንዳይቸኩል ንገሪው። ከእኔ በፊት ከሞተ ስልኬን አጥፍቼ ፍሎሪዳ እሄዳለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። አይጻፍ ግን አላሉም።

እኔ የማላደርገውንም ልንገርዎ፣ እንዳልዋሽዎ። ለመንግሥት ሄጄ አልናገርም። የጋሼ ቶሎሳን እርጅና በእጄ አላፈርስም። ፍርሃቴም አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍ መጋረጃውን ሁለት ጊዜ ገልጬ ውጭ አይቻለሁ።

ግን ሦስት ብለው ይጻፉ። የመጀመሪያዋን ከነስሟ ይጻፉ። የሚመጣ ነገር ካለ፣ የሚመጣው የአባቷን ስም ይዛ ለተገኘች ሴት ይሁን።

ይህን አይቅደዱት። ለቀበሌው ጸሐፊም ቢሆን ያሳዩት።

ልጅዎ አረጋሽ

ታከር፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2019

በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ለሁለቱም አልሰጠሁም። ፖስታ ቤት ሄድኩ። በአእምሮዬ ሒሳቡን ሠርቻለሁ፤ ለደብዳቤ መታወቂያ አይጠይቁም፣ ላኪው ማን ይባል ማን ግድ የላቸውም። አደጋው ከምንም አይቆጠርም። ሆኖም በላኪው ቦታ ላይ ስሜን ስጽፍ በክንዴ ከልዬ ነበር።

ሰልፉ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ «አረጋሽ! አባባ ቶሎሳ እንዴት ናቸው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኑሃሚን ናት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መዘምራን የምታስተባብረው። የሰማችውን ነገር እሑድ ሳይደርስ መላው ጉባኤ ይሰማዋል። ደህና ናቸው አልኩ። ፖስታውን ገልብጬ ያዝኩት። ወጥቼ ነገ ልመለስ ብዬም አሰብኩ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ፖስታውን ተቀብላ ገለበጠችው። አድራሻው ረጅም ነው፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ወደ ላኪው መጣችና ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እንግዳ ስም እየቆራረጠች፣ «አረጋሽ ይገዙ» አለች። «አንቺ ነሽ?»

የኑሃሚን ጫማ ከኋላዬ መሬቱን ሲጭር ሰማሁ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ቴምብሩን ለጠፈችበት። ኑሃሚን ሰምታ እንደሆነ ለማየት ዞር አላልኩም።